እጅ ያልነካው አፈር

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ገብረዮሐንስ፣ ጅቡቲ

እግዚአብሔር በያሉበት በጤና ይጠብቅዎ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባቴ ጉልበቱን ከሚያመው በቀር በርትቷል፤ «የአክስቴን ልጅ ሰላም በይልኝ» ብሎኛል። እኔን ምናልባት አያስታውሱኝም፤ ለአያቴ ተዝካር የመጡ ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሥራዬ በስልክ ስጀምርልዎ «ይሄ በስልክ አይሆንም፣ ጻፊልኝ» ብለው ዘጉብኝ። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። የሚያመጣልዎ ኢልያስ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በጭነት መኪና ወደብ ድረስ ይመላለሳል። መልሱንም ለእሱ ይስጡልኝ።

የምሠራው የአፈርና የድንጋይ ጥናት በሚያካሂድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ ኩባንያ ፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ከፍ ብሎ፣ ዐሥራ ሁለት ፎቅ ሊሠራ ነው። ቦታውን ሳይ ደነገጥኩ፤ እርስዎ በወጣትነትዎ መካኒክ የነበሩበት ጋራዥ ነው። ዛሬ ጋራዡም በዙሪያው የነበሩት ቤቶችም ፈርሰዋል። የቀረው ፍርስራሽ የተደለደለበት ሜዳና ከኋላ ያለው የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

ኩባንያው እዚያው ግቢ ውስጥ መቶ ሰማንያ ሜትር የሚጠልቅ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ይፈልጋል። ውኃው ለሕንፃው ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ ቦኖ ተተክሎ ሠፈሩም እንዲቀዳ ቃል ተገብቷል። የእኔ ሥራ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፤ እዚህ ቢቆፈር ከላይ ያለ ቆሻሻ ወርዶ የከርሰ ምድሩን ውኃ ያበላሻል ወይስ አያበላሽም?

አምስት ቦታ አስቆፍሬ ናሙና አወጣሁ። ከላይ ወፍራም ቀይ ሸክላ አለ። ሸክላ ጥሩ ነው፤ ክዳን ነው፣ ውኃ በቀላሉ አያሳልፍም። ከሥሩ ያለው ግን የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እዚያ የደረሰን ነገር የሚያቆመው የለም። አራተኛው ቁፋሮ ስምንት ሜትር ሲደርስ የወጣው አፈር ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ። አለቃዬ ኢንጂነር ቃለጽድቅ «መቆፈሪያው ማሽን አንጠባጥቦ ነው» ይላል። እኔ አላመንኩትም። ማሽኑ ቢሆን ከላይ ይሸተኝ ነበር፣ ስምንት ሜትር ድረስ ምን ወሰደው?

ስለዚህ ጋሼ፣ ያኔ ግቢው ውስጥ የነዳጅ ታንከር ተቀብሮ ነበር? የተቃጠለ ዘይት የት ነበር የምትደፉት? አሮጌ ጉድጓድስ ነበር? ከካቡ እየለኩ በወረቀት ቢሥሉልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሪፖርቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ አልፈርምም።

አክባሪዎ
ሊያ


ጅቡቲ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሊያ

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ዕድሜና ጤና ከነበረከቱ ይስጥልኝ። እኔ ለአንድ ሽማግሌ ከሚገባው በላይ ደህና ነኝ። ሙቀቱም ረገብ ብሎልናል፤ ሰው በቀትር መንገድ መሻገር ጀምሯል። አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ጉልበቱን ያመመው ኳስ ሲጫወት ሰው ስለሚጠልፍ ነው በይው፣ እሱ ያውቀዋል።

እንዴት አላስታውስሽ! ተዝካሩ ላይ ድንኳን ውስጥ እየተሽሎከለክሽ የሰው ጫማ የምታቀያይሪው አንቺ አልነበርሽም? ያቺ ልጅ ዛሬ መሬት እየበሳች ምሥጢር የምታወጣ ሆነች። ደስ ብሎኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ታንከር አልነበረንም፤ ነዳጅ ከማደያ በጀሪካን ነበር የምናመጣው። የተቃጠለ ዘይት ያን ያህል አልነበረም፤ እሱንም እንጨት የሚቀቡ ሰዎች ይወስዱት ነበር። አንድ አሮጌ ደረቅ ጉድጓድ ነበር፣ እሱንም በአፈር ሞላነው። ሥዕሉን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከካቡ ሰሜናዊ ማዕዘን ወደ ውስጥ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ያኔ እርምጃዬ ረጅም እንደነበር አትርሺ።

ንጹሕ ሠራተኞች ነበርን ልጄ። ከአራዳ ጋራዦች ሁሉ የእኛን ግቢ የሚያህል ጽዱ አልነበረም።

አሁን እኔ ደግሞ ላስቸግርሽ። ከጋራዡ በታች ጠላ የሚሸጡ እትዬ አይናዲስ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ማረፋቸውን ሰምቻለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ልጃቸው ዘነቡ በሕይወት አለች? እዚያው ናት ወይስ ቤቷ ፈርሶ ሄደች? እንዲሁ ነው የምጠይቀው፣ ጎረቤት ስለነበርን። በሶም ካለ በኢልያስ ላኪልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው በሶ አሸዋ ነው።

አጎትሽ
ገብረዮሐንስ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ገብረዮሐንስ

ደጉ ጌታ ለበዓሉ በሰላም ያድርስዎ። በሶው ሁለት ኪሎ ነው። አባቴ ግማሹን ሊያስቀር ሲል እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ፤ የኳሱንም ነገር ሲሰማ ስቆ ስቆ ጉልበቱን ረሳው።

ወደ ሥራው ልግባ። ኢንጂነር ቃለጽድቅን ለምኜ፣ ስድስተኛ ቁፋሮ እርስዎ ባሳዩኝ ቦታ አስቆፈርኩ። ምንም የለም። ጉድጓዱ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጉድጓድ ኖሮ አያውቅም ማለቴ ነው።

ጋሼ፣ አፈር አንዴ እጅ ከነካው ያስታውቃል። ተቆፍሮ የተሞላ ቦታ ላይ አፈሩ ይደበላለቃል፤ የጡብ ስባሪ፣ አመድ፣ ዝገት ይወጣል። ከዚህ የወጣው ግን ድፍን ቀይ ሸክላ ነው፤ ከተፈጠረ ጀምሮ አካፋ አልነካውም።

መጀመሪያ «ሰው ነው፣ ይረሳል» አልኩ። አርባ አምስት ዓመት ቀላል አይደለም። ከዚያ ሥዕልዎን ከአሮጌ የከተማ ካርታ ጋር አስተያየሁት። የዘበኛው ጎጆ፣ የቧንቧው ቦታ፣ መኪና ከሥሩ የሚታይበት ቦይ፣ የባለቤቱ ቢሮ፣ ሁሉም ልክ ናቸው። በአንድ ክንድ እንኳ አልሳቱም። የሳቱት ጉድጓዱን ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው፤ ታላቄ ነዎት። ግን አለቃዬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «የሽማግሌ ትዝታ ይዘሽ ማሽን አታስጎትቺን» ብሎኛል። ሪፖርቱ የካቲት ሠላሳ መግባት አለበት። ከዚህ በኋላ በግምት አንድም ቁፋሮ አይፈቀድልኝም።

ዘነቡ አለች። ቤቷ ከሜዳው ዳር ላይ ነው፣ ገና አልፈረሰም። አላነጋገርኳትም። ማን ጠየቀሽ ብትለኝ ምን ልበላት?

አክባሪዎ
ሊያ


አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረዮሐንስ

ጤናዎን ከኢልያስ ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሁለቴም ባዶ እጁን መጣ። «ሻይ ጋበዙኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ደብዳቤ አለ ስላቸው ሰማይ ሰማይ አዩ» አለኝ።

እርስዎ ዝም ሲሉ እኔ ዘነቡ ጋ ሄድኩ። የጋራዡን ቦታ የማጠናው ልጅ ነኝ አልኳት፤ የእርስዎን ስም አላነሳሁም። አስገብታ አስቀመጠችኝና ብዙ አወራችኝ።

እናቷ ጠላ የሚጠምቁት ከግቢያቸው ጉድጓድ በሚቀዱት ውኃ ነበር። በሰባ አንድ ክረምት ጠላው መሽተት ጀመረ። እትዬ አይናዲስ ጋኑን ሦስቴ በወይራ አጠኑት። ጌሾ ቀየሩ፣ ጋን ቀየሩ፣ ጠበል ረጩ። ሽታው አልሄደም። ሰው «ቶሎ እንዲያሰክር ላምባ ትጨምርበታለች» አለ። ቤታቸው «ላምባ ቤት» የሚል ስም ወጣለት፣ ቀበሌው መጥቶ አሸገው። ከዕድሩም «ሰው የመረዘች» ተብለው ተሰረዙ። በሰማንያ ሦስት ሲሞቱ ድንኳን አልተተከለላቸውም። ዘነቡ ለቀስተኛ የተቀበለችው በላስቲክ ሥር ነው፤ ዝናብ ነበር አለችኝ።

ሽታው ከየት እንደመጣ እስከዛሬ አታውቅም። «እናቴ እጇን እየሸተተች ሞተች» አለችኝ።

ጉድጓዱን ከፍታ አሳየችኝ። በገመድ ለካሁት፣ ስምንት ሜትር ነው። ከጋራዡ ካብ ቁልቁል መቶ እርምጃ አይሞላም።

ጋሼ፣ የሆነውን አውቄዋለሁ። የቀረኝ ቦታው ብቻ ነው። ቦታውን ካላገኘሁ ያለኝ አንድ ማሽን ላይ የሚላከክ ሽታ ነው፤ በዚያ ማንንም ማሳመን አልችልም። ያኔ እኔ አልፈርምም። ሌላ ሰው ይፈርማል፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ላይ ያለው ነገር መውረጃ ያገኛል፣ ቦኖውም ይተከላል። በጀሪካን የምትቀዳውም ያቺው ዘነቡ ናት።

ከእንግዲህ አልለምንዎትም። ይንገሩኝ።

ሊያ


ጅቡቲ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊያ ልጄ

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። አስቀድሜ ይህን ካልጻፍኩ እጄ ይከዳኛል።

ጉድጓዱ ያለው ከካቡ ደቡባዊ ማዕዘን ወደ ውስጥ ዘጠኝ እርምጃ ላይ ነው። ከባለቤቱ ቢሮ ወለል ሥር። አፉ ላይ የጭነት መኪና ቸርኬ አለ፤ ከቸርኬው በላይ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ ሊሾ። ሊሾውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ቢሮውን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ከስልሳ ዘጠኝ እስከ ሰባ ሁለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የሳምንቱን የተቃጠለ ዘይትና ዕቃ ያጠብንበትን ናፍጣ እዚያ እንደፋ ነበር። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደረቅ ጉድጓድ ነው፣ መሬት ይጠጣዋል አልኩ። በእውነትም ይጠጣው ነበር፤ ማታ ደፍተን ሰኞ ስናይ የለም። በብልሃቴ ተኮራሁ። የቀበሌው የጽዳት ኮሚቴ ለግቢያችን የምሥክር ወረቀት ሰጠን። ተቀብዬ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት እኔው ነኝ።

እትዬ አይናዲስ ጋ ደንበኛ ነበርኩ። ለጠላው ብቻ አልነበረም የምሄደው፤ ዘነቡን ሽማግሌ ልልክባት አስቤ ነበር፣ ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን ብርጭቆውን አፌ ላይ ሳደርገው አወቅሁት። ቅዳሜ ማታ እጄ ላይ የማይለቀኝ ሽታ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ቀና ስል ሰው ሁሉ ያየኛል። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። «እናንተ፣ ይሄ ጠላ ቤት ነው ላምባ ቤት?» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አይናዲስም ሳቁ፣ ቀልድ መስሏቸው። ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ ሊያ። አራዳ ነበርኩ፤ አፌ ከልቤ ይቀድም ነበር።

ያኔ ብናገር «አሻጥረኛ» ተብዬ እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። ሰበብ ብቻ አይደለም፣ በዚያ ዘመን በትንሹም ሰው ይሄድ ነበር። ቤታቸው ሲታሸግ ግን ከካቡ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሰባ አራት ላይ በባቡር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ፤ በዚያ መንገድ አንድም ጊዜ አላለፍኩም።

የውሸቱን ሥዕል የላክሁልሽ «አንድ ጊዜ ቆፍራ ምንም ካጣች ትተወዋለች» ብዬ ነው። አፈሩን እንደዚያ እንደምታነቢው መቼ አወቅሁ። ይቅር በይኝ።

ይህን ደብዳቤ ለዘነቡ አንብቢላት። አንዱንም ቃል አታለስልሺ። በሶም ሆነ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ያለችውን ብቻ ጻፊልኝ።

ገብረዮሐንስ


አዲስ አበባ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ገብረዮሐንስ

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ።

ቦታውን በእርምጃ ለክቼ ስላሳየሁት አለቃዬ ኤክስካቫተር ፈቀደልኝ፤ ፍርስራሹን ሲገፍፍ ሊሾው ወጣ። ቀጥሎ ድንጋዩ፣ ከዚያ ቸርኬው። ዘጠኝ እርምጃ ብለውኝ ነበር፤ ዘጠኝ ነው። ቸርኬውን ስናነሳ ሽታው መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲዞር አደረገ። ኢንጂነር ቃለጽድቅ ተንበርክኮ ጥቁሩን አፈር በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ይሄ የማሽን አይደለም» አለ። እኔም ነገርኩህ አላልኩትም፣ ናሙናውን ሞልቼ አሸግኩ።

የላቦራቶሪው ውጤትም መጣ። ዘይቱ ሸክላውን አላለፈም፤ ማለፍም አላስፈለገው። ጉድጓዱ ራሱ ሸክላውን በስቶ እስከ ተሰነጣጠቀው ድንጋይ ድረስ ወስዶታል፤ ከዚያ ስንጥቁን ይዞ ቁልቁል ወደ ዘነቡ ግቢ ሄዷል። ወደ ታች ግን ገና አልጠለቀም። ከስንጥቁ ድንጋይ ሥር ሌላ ድፍን ድንጋይ አለ፤ እስካሁን የያዘው እሱ ነው። ኩባንያው ሊበሳው ያሰበውም እሱኑ ነበር።

ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፤ እዚህ ግቢ ጥልቅ ጉድጓድ አይቆፈርም። የተበላሸው አፈር ወጥቶ በአግባቡ ይወገዳል። ቦኖው ከከተማው መስመር ይቀጠላል። የኩባንያው ሰዎች «አይቆፈርም» የሚለውን «በጥንቃቄ ሊቆፈር ይችላል» እንድለው ሁለት ቀን ተቀምጠው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። ቃለጽድቅ ከእኔ ሥር ፈረመ። እርስዎን ላለማስቸገር «አንድ የቀድሞ የጋራዡ ሠራተኛ በሰጡት መረጃ» ብያለሁ። ነገ የሚገባው ረቂቁ ነው፣ የመጨረሻው ቅጂ የሚገባው መጋቢት ሃያ ነው፤ ማረሚያ ካለ እስከዚያ ይቻላል።

አሁን ዘነቡ። ደብዳቤውን አነበብኩላት፣ እንዳሉኝ ምንም ሳላለስልስ። የብርጭቆው ቦታ ስደርስ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ሳቀች የሚለውንም ድገሚው።» ደገምኩት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም ባለሁበት አለቀስኩ። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። ያለችውን እንዳለ ልጻፍልዎ፦

«እኔ እናቴን አንድም ቀን ጠርጥሬያት አላውቅም። ስለዚህ ይሄ ወረቀት ለእኔ አይደለም። የጠረጠሯት ይስሙ። ዕድሩ ለእናቴ ያልተከለውን ድንኳን አሁን ይትከል፤ ገብረዮሐንስም ከሥሩ ቆሞ በአፉ ይናገር። ስም ሲያወጣባት በአፉ አልነበር? በወረቀት አልቀበለውም። ሽማግሌ ሊልክብኝ ነበር አይደል? ሽማግሌ አያስፈልግም፣ ራሱ ይምጣ።»

ወደ ዕድሩ ዳኛ ሁለታችን ሄድን። ያኔ ከሰረዟቸው ሰዎች ሰባቱ በሕይወት አሉ፤ ሁለቱ አልጋ ላይ ናቸው። ዳኛው መዝገቡን አስወጥቶ የእትዬ አይናዲስን ስም፣ በላዩ የተሰመረውንም መሥመር አሳየን። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን አገላብጦ «መጋቢት ሃያ ስምንት፣ እሑድ» አለ። ጾም ስለሆነ ንፍሮ ብቻ ይኖራል።

እኔ ይምጡ አልልም፣ አይምጡም አልልም። ቀኑን ግን ነግሬዎታለሁ።

አክባሪዎ
ሊያ


ጅቡቲ
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊያ

የጀመርሽውን የሚያስፈጽም አምላክ ካንቺ አይለይ። አባትሽንም ሰላም በይልኝ፤ ምን ልሠራ እንደምመጣ ከእኔ ከመስማቱ በፊት ካንቺ ይስማ።

መጋቢት ሃያ አራት ከኢልያስ ጋር በጋቢና እነሣለሁ። ባቡሩ ይሻልሃል አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ ስወጣ በባቡር ተደብቄ ነው የወጣሁት፣ ስገባ ግን ፒያሳ ድረስ ሰው እያየኝ ልግባ። ለዘነቡ እንዲህ በያት፦ እመጣለሁ፣ ቆሜም እናገራለሁ። ከንግግሬ በኋላ ብታባርረኝ እሄዳለሁ፤ ንፍሮ ብታቀርብልኝም እበላለሁ። ሁለቱም የእሷ ፈንታ ነው።

አልጋ ላይ ያሉትን ሁለቱንም እቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አድራሻቸውን ያዢልኝ።

ሪፖርቱ ላይ ግን የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። «አንድ የቀድሞ የጋራዡ ሠራተኛ» የሚለውን ሰርዢው። በዚያ ጋራዥ አምስት ነበርን። አራቱ ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ግን እዚያው አራዳ አሉ። እንደዚያ ብለሽ ከተውሽው ሰው በግምት ከሙታኑ አንዱን ይመርጣል፤ እሱም መልስ መስጠት አይችልም። በእትዬ አይናዲስ ላይ ያደረግነው ይበቃል።

ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊው፣ ፊደሉን ሳትስቺ፦ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት የደፋው ገብረዮሐንስ ወልደሥላሴ ነው፤ መካኒክ።